ያረፈ ሰው ደም

ጥቅምት 24

ድንች ስቆፍር ዋልኩ። አፈሩ ለስላሳ ነው፤ የዘንድሮው ድንች ግን ትንንሽ። ወገቤን ያዘኝ። ደህና ቀን ነበር።

ልጄ እድላዊት ዛሬም አምሽታ ገባች። አብረዋት ከአምበር ትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች በደጃችን ሲያልፉ ድምፃቸውን ከሰማሁ ቆይቷል። እሷ ብቻዋን፣ ከኋላ... ደብተሯን ከእጇ ሳታስቀምጥ መደቡ ላይ ጋደም አለች።

አባቷ በሬዎቹን አስሮ ሲገባ አያት።

"አሥረኛ ክፍል እንዲህ ካደረገሽ፣ አሥራ ሁለተኛ ስትደርሽ ቃሬዛ ልናዘጋጅ ነው።"

"አባዬ፣ እግሬ ነው እንቢ የሚለኝ።"

"እዘዥው እንጂ ታዲያ። በእኛ ዘር ሰነፍ የለም።"

ደመላሽ ይህችን ቃል ይወዳታል። ክፋት የለውም። ግን ልጅቱ ሰነፍ ናት ወይ? ናት እንዳልል፣ ዶሮ ሳይጮኽ ተነስታ ታነባለች። አይደለችም እንዳልል፣ ጀሪካን ይዛ ከምንጩ በላይ ተቀምጣ ስትቀር በዓይኔ አይቻለሁ። አላውቅም።

ጥቅምት 29

ዛሬ ልጆቹ ደግፈው አመጧት። ከወንዙ ወዲህ ያለው ዳገት አጋማሽ ላይ ቁጭ ብላ መነሳት አቅቷት ነበር። ጭኗን ብነካው እንደ ገመድ ተከርሯል። "እማዬ፣ ውስጡ ይነድዳል" አለችኝ። ትኩሳት የላትም።

ደመላሽ "እንግዲህ ትምህርቱ ይቅርባት። ቤት ትዋል" አለ። በቁጣ አይደለም። ይህ ነው የባሰው። በቁጣ የተናገረውን ይረሳዋል፤ ቀስ ብሎ የተናገረውን ግን አይመልሰውም።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ትምህርቱ ከቀረባት ምን ትሆናለች? እንደ እኔ?

ኅዳር 1

አምበር ጤና ጣቢያ ሄድን። የደም ማነስ የለባትም። ትል የለባትም። ልቧም ደህና ነው። "እኛ ምንም አላገኘንም፤ ደብረ ማርቆስ ይዩአት" ብለው ወረቀት ጻፉልን።

ምንም ካላገኙ ለምን ይልኩናል? ምንም ከሌለባት ለምን ትወድቃለች?

ደመላሽን ለመንኩት። ዶክተር እስኪያያት ከትምህርቷ እንዳያስወጣት።

"እሽ። እስኪያያት" አለ።

ኅዳር 4

ደብረ ማርቆስ ውለን መጣን። የክሊኒኩ ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ ይባላል። ገና ልጅ ነው፤ ግን አይቸኩልም። ዓይንሽ ይከደናል ወይ፣ ጆሮሽ በደንብ ይሰማል ወይ፣ እግርሽን ካመመሽ በኋላ ሽንትሽ ይጠቁራል ወይ... ብዙ ጠየቃት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"እናቴ፣ በእርስዎ ወገን እንዲህ ቶሎ የሚደክመው ሰው ነበር?"

"የለም" አልኩ። ሳላስብ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው እናቴ ትዝ ያለችኝ። ከገበያ ስንመለስ ዳገቱ ሥር ቁጭ ትልና "እናንተ ሂዱ፣ እደርሳለሁ" ትለን ነበር። ደክሟት ነው? ወይስ ከእኛ ጫጫታ ማረፍ ፈልጋ? ማን ጠይቋት።

ዶክተሩ ያለውን ሳልረሳው ልጻፈው። በሕዋሶቿ ውስጥ ኃይል እንደሚገባው እየተሠራ ላይሆን ይችላል። እሱን የሚያሳይ የደም ምርመራ አለ። ላክቴት ይባላል። ደሙ የሚቀዳው ኅዳር 13 ነው። "እረፍት አድርጋ ትምጣ። በባዶ ሆድ።" ደጋግሞ ነገረኝ። እኔም ደጋግሜ እሽ አልኩ።

ሕዋስ... እኔ የማውቃቸው ሕዋሳት አምስት ናቸው። በጾም ጊዜ ከሆድ ጋር እነሱም ይጹሙ እየተባለ የሚሰበክባቸው። ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ። የልጄ ዓይን ከሩቅ ሰው ይለያል። ጆሮዋ የአባቷን እርምጃ ከእኔ ቀድሞ ይሰማል። ታዲያ ኃይል ያነሰው የትኛው ነው? እግር ደግሞ ከአምስቱ ውስጥ የለበትም።

ኅዳር 7

ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ጋዜጦች ዛሬ እንደገና አየኋቸው። ወንድሜ ፊደሉን ካሳየኝ በኋላ ማንበብ የለመድኩት ከእነሱ ነው፤ እየተኛሁ፣ አንገቴን እያጣመምኩ። አልጋው ራስጌ በኩል ስለ ጤና የሚያወራ አለ። "ሰውነታችን ኃይል የሚያገኘው" ይላል። ከዚያ በኋላ የስሚንቶ ማስታወቂያ ተደርቦበታል። በውኃ አርሼ ላላቅቀው ሞከርኩ። ሁለቱም ተቀደዱ።

እድላዊት ደግሞ ላክቶስ የሚባል ነገር ተምረናል፣ የወተት ስኳር ነው አለችኝ። ታዲያ ወተቱ ይሆን? ከሕፃንነቷ ጀምሮ ወተት አልነፈግኳትም። ማታ ሳልሰጣት ቀረሁ።

"እማዬ፣ እኔ ያልኩሽ ላክቶስ ነው። ላክቴት ሌላ ነው።"

"ስማቸው ከተቀራረበ ዘመዳሞች ይሆናሉ።"

ሳቀች። ስትስቅ ደስ አለኝ። ወተቱን ግን አልሰጠኋትም።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። የምርመራዋ ዋዜማ በበዓል ዋለልን፤ ከዚህ የተሻለ የእረፍት ቀን ከየት ይመጣል። ውኃ አላስቀዳኋትም። ድንች እንኳ አላስላጥኳትም። ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመልሳ ተቀመጠች።

"ዛሬስ ንግሥት ሆነሻል" አላት ደመላሽ።

"ዶክተሩ ያዘዘው ነው" አልኩት።

ኅዳር 13

በጨለማ ወጣን። ውኃ እንኳ አልቀመሰችም። ወንዙን ተሻግረን የማዶውን ዳገት ቆም እያልን ወጣነው። አምበር ስንደርስ ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ነው፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ሁለት ሰው የቀረው" ይላል። ሮጥን። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ወርደን በእግራችን ክሊኒኩ ደረስን። ወረፋ የለም። ገና እንደገባን ጠሩን፤ ዕድለኞች ነን አልኩ።

ደም የምትቀዳዋ ልጅ ሃኒ ትባላለች። የእድላዊትን ክንድ በላስቲክ አሰረችና "ጨብጪ፣ ልቀቂ፣ ጨብጪ" አለቻት። ሥሩ ጠፋ። እንደታሰረች ቆየች። እድላዊት የተባለችውን ታደርጋለች፤ ጣቶቿ እስኪነጡ ጨበጠች።

"አርፋለች?" አለችኝ ሃኒ።

"ትናንት ቀኑን ሙሉ" አልኳት።

ኅዳር 15

የነቢያት ጾም ገባ።

ዶክተሩ በደመላሽ ስልክ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርገን ሁለታችንም ሰማን። ላክቴቱ ከፍ ብሏል። በጣም። እንዲህ ያለው በዘር የሚመጣ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜ በእናት በኩል። ገና እርግጠኛ አይደለሁም አለ። ኅዳር 26 ኑ።

ስልኩ ተዘጋ።

"ከእናት ነው ያለ?"

"ሊሆን ይችላል ነው ያለ።"

"ከእናት" አለ እንደገና። ወጥቶ ከበሬዎቹ ጋር ቆየ።

እኔ ምን ሰጠኋት? ጥርሷ የእኔ ነው ይላሉ። ድምፅዋም። ሌላም ነገር አብሮ ሄዶ ይሆን፣ እኔ ሳላውቀው?

ኅዳር 18

ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ገብረ ሚካኤልን ጠበቅኳቸው። ዲማ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው፤ የቃል ነገር ከእሳቸው አያልፍም።

"መሪጌታ፣ ሕዋሳት ስንት ናቸው?"

"አምስት። ምነው የብርጓል፣ አንዱ ጠፋብሽ?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ላክቴት የሚለውን አፋቸው ውስጥ አገላበጡት።

"ላክ ነው የሚል መጀመሪያው። ላኪው መቼም አንድ ነው። የተላከውን ነው ያላወቅነው" ብለው ሳቁ። እኔ እንዳልሳቅሁ ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የሐኪሞቹ ሕዋስ የእኛ ሕዋስ አይደለም። ስሙን ከእኛ ወስደው ለሌላ ነገር አወጡለት። ምን እንደሆነ ራሳቸውን ጠይቂ።"

ስም ተወስዶ ለሌላ ይወጣል እንዴ? እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ዓይኗና ስለ ጆሮዋ ስጸልይ ነበር።

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም።

ደመላሽ ሌላ ሰው ሆኗል። ውኃ ራሱ ይቀዳል፤ ምንጩ ጋ ያሉት ሴቶች እየተጠቃቀሱ ይስቁበታል፣ እሱ አይሰማቸውም። ጋቢውን ያለብሳታል። ጠበል ከሩቅ አመጣላት። ምግብ ስትበላ አፏን ያያል።

ትምህርት ቤት ግን ከዚያ ስልክ ወዲህ አልሄደችም። "የታመመች ልጅ ዳገት አትወጣም" አለ። ሰነፍ ነሽ ሲላት ሊያስቀራት ነበር። ታመሻል ሲላትም አስቀራት። በየትኛው በኩል ልሟገት?

ዛሬ ቡና ስናፈላ ድንገት ጠየቀችኝ።

"እማዬ፣ አሁን የሚደክመኝ ድሮ ከሚደክመኝ በምን ይለያል?"

"ኧረ አንድ ነው።"

"ታዲያ አባዬ ዶክተሩ ሲነግረው አመነ። እኔ ስነግረውስ?"

ጀበናውን ከእሳቱ አወረድኩ።

ኅዳር 26

እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነን፣ አክስቴ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ቤት። ዶክተሩ እደሩ ብሎን ነው።

ሊያስረዳን ጀመረና መሀል ላይ አቋርጦ "ደሙ የተቀዳ ቀን እንዴት ነበር የመጣችሁት?" አለ። ነገርኩት። ጨለማውን፣ ዳገቱን፣ ሚኒባሱን።

"ሮጣችሁ?"

"ትንሽ። ሊያመልጠን ሆኖ..."

"እናቴ፣ እረፍት ብዬ ነበር እኮ።"

"አርፋለች። ሚካኤል ነበር። ድንች እንኳ አልላጠች።"

"ዳገቱስ?"

"ዳገቱማ መንገድ ነው።"

አየኝ። ሳቅ አመለጠው። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ "የእኔ ጥፋት ነው። በደንብ አልጠየቅኩም" አለ። እኔ ነኝ ያፈርኩት። መንገድ ሥራ መሆኑን ማን ያውቃል? ደክሞን ከእርሻ ስንመለስ እንኳ ያደከመን እርሻው ነው እንላለን እንጂ መመለሱ ነው አንልም።

ሕዋስ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት፤ ደፈርኩ። ሰውነታችን የተሠራበት በጣም ትንሽ ነገር ነው፣ ቁጥር የለውም፣ በዓይን አይታይም። እያንዳንዱ ውስጥ ምግብ እንደ ማገዶ ይነድዳል። እሱ ነው ኃይል። አየር ካልበቃው ወይም ማንደጃው እክል ካለበት፣ ሳይነድ የቀረው ደም ውስጥ ይገባል። እሱ ነው ላክቴት። በእርጥብ እንጨት እንደሚጨሰው ማለት ነው አልኩት። እንደዚያ ይበሉት አለኝ። ችግሩ ግን ጤነኛ ሰውም ሲሮጥ ይጨሳል። ክንድ ታስሮ ሲቆይ፣ እጅ ሲጨብጥም ይጨሳል። ስለዚህ ያ ደም የሕመም ይሁን የሩጫ አይታወቅም።

አይታወቅም። ደመላሽ በዚያ ደም ነው ልጁን ያመናት።

ኅዳር 27

በባጃጅ ሄድን። ሃኒ አልጋ ላይ አስተኛቻት፣ ብዙ ቆየች። ላስቲኩን አላሰረችም። "እጅሽን ዘርጊው፣ እንዳትጨብጪ" አለቻት። የተቀዳውን በረዶ ውስጥ ከትታ ይዛው ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ። ደህና ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባል። ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም፣ ዶክተሩ ራሱ ቀጠለ። ይህ ማለት ምንም የለባትም ማለት አይደለም። ስታርፍ ደህና ሆኖ ስትሄድ የሚብስ አለ።

"ታማለች ማለት ነው?"

"አላውቅም፣ እናቴ።"

"ጤነኛ ናት ማለት ነው?"

"እሱንም አላውቅም።"

ዶክተር አላውቅም ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጥር ላይ ስትመጡ በእግሯ ከመሄዷ በፊትና ከሄደች በኋላ ደሟን እናያለን፤ የእርስዎንም እንቀዳለን አለኝ። እስከዚያ ትምህርቷን አታስቀሯት፤ እግሯን ሲያቃጥላት ግን ታቁም፣ ማንም አይገፋት። አንድ ሥራም ሰጠን። መንገድ ላይ የት የት እንደምትቆም፣ ምን እንደምትሆን፣ አብሯት የሚሄድ ሰው አይቶ ይንገረኝ አለ።

ማታ እማሆይን ጠየቅኳቸው። "እናቴ ይደክማት ነበር?"

"ሁላችንንስ ይደክመን አልነበር? ማን ይናገራል" አሉኝ። ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ።

ኅዳር 28

ገባን። ደመላሽ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን።

"ምን አሉ?"

"ገና ነው" አልኩት።

እድላዊት ቀና ብላ አየችኝ፣ ወዲያው ዓይኗን መለሰች።

ደህና ነው ብለው ብነግረው፣ ነገ ሰነፍ ትሆናለች። ባልነግረው ደግሞ ታማሚ ሆና ጋቢ ለብሳ ትቀመጣለች፣ ትምህርቱ ይሄዳል። ዶክተሩ አላውቅም ያለውን እኔ በምን ቃል ልንገረው? በእኛ ቤት የሚታወቀው ሁለት ቃል ነው። ታሟል፣ ደህና ነው።

ኅዳር 30

ነገርኩት።

አውድማ ላይ ብቻችንን ነበርን። ሩጫውን፣ ላስቲኩን፣ የሚካኤልን እረፍት፣ ሁሉንም።

"እንግዲያ ደህና ናት" አለ።

"ደህና የሆነው ተኝታ የተቀዳው ነው።"

"ተኝቶማ ማን ይደክመዋል።"

"እኔም እሱን ነው የምልህ።"

መንሹን አቆመ። "ዶክተሩ ራሱ አላውቅም ካለ አንች ታውቂያለሽ?"

"ደሙን አላውቅም። ልጄ ስትወድቅ አይቻለሁ። አንተ በሬ ይዘህ ቀድመሃት ትወጣለህ፣ ስትመለስ ተኝታ ታገኛታለህ። መሀሉን አይተኸው አታውቅም። አንድ ቀን ከኋላዋ ሂድ።"

ይህን ያህል ተናግሬው አላውቅም። እሱ መንሹን አነሳና ሥራውን ቀጠለ።

ታኅሣሥ 2

ሄደ። እድላዊት ወደ ትምህርት ቤት ልትመለስ በመሆኑ በደስታ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አድራ ደብተሯን ታቅፋ ወጣች፤ እሱ ራቅ ብሎ ከኋላዋ። ሥራውን ትቶ እስክትወጣ አምበር ቆይቶ አብሯት ተመለሰ።

ማታ እሳቱን እየቆሰቆሰ ብዙ ቆየ። እሷ ተኝታለች።

"እኔ ሳያት አትቆምም" አለ። "ጭኗ እየተንቀጠቀጠ ትሄዳለች። ሰዎች ሲመጡ ደግሞ ትፈጥናለች። ከቁልቋሉ ኋላ ተደብቄ ጠበቅኳት። ማንም የለም ብላ ስታስብ ነው የተቀመጠች። እግሯን በሁለት እጇ እያነሳች ነው መልሳ የቆመች፣ የብርጓል። በእጇ።"

የሚነደውን እንጨት ወደ ውስጥ ገፋ አደረገው።

"ሰነፍ እንዲህ አይሄድም" አለ።

የሚጠየቀው ነገር ደሙ ምን አለ ነው ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ስለ ደሙ አንድም አልጠየቀኝም።

ታኅሣሥ 6

የአምበር ገበያ ነው ዛሬ።

ደመላሽ የመሪጌታን በቅሎ ለምኖ አመጣ። እሱ ጤፋቸውን ሊያጭድላቸው፣ እሳቸው በትምህርት ቀን በቅሎዋን ሊሰጡት ተስማምተዋል። እድላዊት ስታይ ደነገጠች።

"አባዬ፣ በበቅሎ ትምህርት ቤት? ሙሽራ ናት ይሉኛል።"

"ይበሉ።"

አሉም። እኔ ድንች ተሸክሜ አብሬያቸው ነበርኩ። ገበያው አፍ ላይ አንዱ የሚያውቀን ሰው ጮኾ "ደመላሽ፣ ሙሽራዋን ያለ ሚዜ ወዴት ነው?" አለው። ሰው ሳቀ። እድላዊት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እሱ ልጓሙን ይዞ ቆመ። እልኸኛ ነው፣ የሚሰድበው መስሎኝ ነበር።

"ልጄን ይደክማታል" አለ። "ትምህርት ቤት ላደርሳት ነው።"

ሌላ ምንም አልጨመረም። ታማለች አላለም። ደህና ናትም አላለም። ሰውየውም "እግዜር ያበርታት" ብሎ አለፈ። ትምህርት ቤቱ በር ሳንደርስ ግን ልጅቱ ወርዳለች፤ ጓደኞቿ እንዳያዩዋት።

ላክቴት ምን እንደሆነ ገብቶኛል ብል ውሸት ነው። አንዴ ይገባኛል፣ ሲመሽ ይጠፋኛል። ጥር ላይ የእኔንም ይቀዳሉ። ምን እንደሚያገኙ... ከእናት ካሉ ከእናት ይሁን። እፈራለሁ።

ስንመለስ እድላዊት ትምህርቷ ላይ ስለሆነች፣ በቅሎዋ ባዶዋን ነበረች። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱ ሥር ስንደርስ ደመላሽ ዞሮ አየኝ።

"አንችስ? ይደክምሻል?"

ሁልጊዜ ብጠየቅ ኖሮ ሁልጊዜ ደህና ነኝ እል ነበር። አፌ ላይ መጥቶም ነበር።

"ይደክመኛል" አልኩት። "ቆይቷል።"

በቅሎዋን ወደ ድንጋዩ አስጠጋትና እርካቡን ያዘልኝ። ወጣሁ።